ቀን ዓይኗን የከደነች እስስት አልተኛችም

ጠዋት ልጆቻችሁ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ወደ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ቤት የምትቀሩ አያቶች፣ ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው። በሳሎናችሁ ጥግ፣ በመረብ ቤት ውስጥ እስስት ካለች፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ከእናንተ በቀር የሚያያት የለም። የእስስት ሕመም ደግሞ የሚታወቀው በቀን ነው። ማታ ሁሉም ሲገባ መብራቷ ይጠፋል፣ እሷም ቅርንጫፏ ላይ ትተኛለች። ጤነኛዋም ዓይኗን ትከድናለች፣ የምትሞተውም ትከድናለች፤ በጨለማ ሁለቱን የሚለይ ሰው የለም። በቀን ግን ጤነኛ እስስት ዓይኗን ከድና አትቀመጥም። ይህን አንድ ነገር ባለማወቄ አንዲት ነፍስ ዓይኔ እያየ ጠፍታለች። በእናንተ ቤት እንዳይደገም ብዬ ነው የተነሳሁት።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት ነው። የ11 ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ስትጠየቅ እስስት አለች፤ ተገዛላት። የሸጠልን ሱቅ አንድ የመረብ ቤት፣ አንድ አምፖልና አንድ የውኃ ሳህን አስጨብጦ ሸኘን። ሴት መሆኗን እንኳ የነገረን አልነበረም። ዓመት ሳይሞላት አንድ ሰኞ ጠዋት ዓይኗን ከድና አየኋት። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ማታ ለልጄ፣ «ይቺ እስስት እንቅልፍ አብዝታለች» አልኩት። ደክሞት ገብቶ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሐሙስ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘቻት። ሐኪም ዘንድ ስናደርሳት ገና ትተነፍስ ነበር፤ ሌሊቱ ሳይነጋላት ቀረ። ሐኪሙ ራጁን አሳየን። ሆዷ ከ30 በላይ እንቁላል ይዟል፤ የእግሯ አጥንት ደግሞ ከሥጋዋ በቅጡ የማይለይ፣ ጥላ የመሰለ ነው። «ይህ የአራት ቀን በሽታ አይደለም፤ የወራት ነው» አለ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «አባባ፣ አንተ ቤት ነበርክ አይደል?» አለችኝ።

ነበርኩ። ታዲያ ለምን አላየሁም? ከእኛ መካከል እስስትን ቀርቦ የተመለከታት ማን ነው? ስታልፍ ድንጋይ አንስተናል፣ ሸሽተናል፣ ታናናሾቻችንን አስፈራርተንባታል። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ሲገጥመን «እስስት» ብለን እንሰድበዋለን። አገራችን የእስስት አገር ሆና ሳለ፣ በባሌ የሐረና ጫካ ስሙን ያወረሳት እስስት እያለች፣ እኛ የምናውቀው ስድቡን ብቻ ነው። በስድብ ብቻ ያወቁትን ፍጡር ደግሞ ዓይን እያየም አያየውም። ሦስት ቀን ሙሉ ቡናዬን ይዤ ከፊቷ ተቀምጫለሁ። ያየሁት አንዲት እስስት እንጂ አንዲት በሽተኛ አልነበረም።

ያ የምንሰድብበት ቀለሟ ማታለያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካር እስስት ቆዳ ላይ እንዳሳዩት፣ ከቆዳዋ ሥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ስትረጋጋ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፣ ስትቆጣ ይራራቃሉ፤ የሚመልሱት ብርሃንም አብሮ ይለወጣል። ቀለሟ ከመደበቂያነቱ ይልቅ መናገሪያዋ ነው፦ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ፈራሁ፣ እንቁላል ይዣለሁ። ውሻ ሲያመው ያለቅሳል፤ እሷ ግን ከቀለሟ በቀር አንደበት የላትም። ጠዋት መብራቱ እንደበራ ጠቆር ማለቷ ሙቀት ለመሰብሰብ ነውና አያስደንግጣችሁ። ሌሊት ስትተኛ መንጣቷም ደንብ ነው። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሥር ጠቁራ የምትውል ወይም ነቅታ ሳለች አመድ የመሰለች እስስት ግን እየነገረቻችሁ ነው።

ከዚህ ውጭ ሕመሟን ትሸፍናለች። በዱር የደከመ እንስሳን ወፍና እባብ ይቀድሙታልና፣ ጉልበቷ እስኪያልቅ ቅርንጫፏን ጨብጣ ደህና መስላ ትቀመጣለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል የምናውቀው ስለ ሰው ነው፤ ሰው ሲደብቅ ጥፋቱ የራሱ ነው። እሷ የምትደብቀው ተፈጥሮዋ ስለሆነ የመፈለጉ ሸክም የወደቀው በእኛ ላይ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። በሳምንት አንድ ቀን ልጁ ግራም በሚለካ ትንሽ ሚዛን ይመዝናት፣ እናንተ ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ዓይን ያልደረሰበትን ክሳት ሚዛን ይደርስበታል። ያ ሚዛን ወደ ወጥ ቤት አይመለስ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

እዚህ አገር ቤቶች ውስጥ በብዛት የምትገኘው የየመን እስስት ናት፣ በራሷ ላይ ከፍ ያለ የአጥንት ቆብ ያላት። አገሯ የመንና የሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ነው። ከመካከላችን በሳዑዲ የዓሲር ተራሮች የሠራ ሰው ካለ ያንን አገር ያውቀዋል። ቀን ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ንጋት ላይ ቅጠሉ ጤዛ ይዞ ያድራል። በሳሎን ውስጥ እስስትን የሚገድሉት በሽታዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ነገሮች የአንዱ መጉደል ናቸው። ሦስት ቀንድ ያላት የኬንያዋ እስስት ግን ቀዝቀዝ ያለ የደጋ አየር የምትወድ ናትና፣ ለየመኗ የምናገረውን ሙቀት ለእሷ አታድርጉት።

ከፀሐይዋ ልጀምር፤ ሞት ወደ ቤታችን የገባው በዚያ በኩል ነው። እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ሕፃን ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ላይ ለምን እንደሚያስቀምጡ ታውቃላችሁ። አጥንቱ እንዲጠና ነው። ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን እግሩ ይጎብጣል፤ ሐኪሞች ሪኬትስ ይሉታል። የእስስትም ነገር ይኸው ነው። ቆዳዋ ዩቪ ቢ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል፤ ያለ ዲ3 የምትበላው ካልሲየም ከአንጀቷ ወደ ደሟ በቅጡ አይገባም። ልብና ጡንቻ ደግሞ ያለ ካልሲየም አይሠሩም። ስለዚህ ከደሟ ሲጎድል በአንገቷ አካባቢ ያለ ትንሽ እጢ፣ ከአጥንቷ ተወስዶ እንዲተካ ያዛል። የዛሬን ለመኖር ምሰሶዋን እየነቀለች ታነዳለች ማለት ነው።

እኛ መስኮት አጠገብ አስቀመጥናት። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ እያየን በቂዋ ነው አልን። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ዩቪ ቢን ግን ውጭ ያስቀረዋል። ከሱቁ ያገኘነው አምፖልም ማሞቂያ ብቻ ነበር። ሁለት መብራት ነው የሚያስፈልጋት፦ አንዱ የሚያሞቅ፣ ሌላው ለተሳቢ እንስሳት ተብሎ የተሠራ ረጅም የዩቪ ቢ ፍሎረሰንት። ይህ ሁለተኛው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ጨረሩ ይደክማል፤ ብርሃኑ ግን እንደ ወትሮው ይበራል። እናንተ ሲበራ ታያላችሁ፣ ለቆዳዋ ግን የጠፋ መብራት ነው። የተገዛበትን ቀን ጫፉ ላይ ጻፉበት።

ሁለተኛው ጉድለት ምግቧ ነው። ከሱቅ ተገዝቶ የሚሰጣት ፌንጣ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ፌንጣው ራሱ ከመበላቱ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ይብላ፤ ሲሰጣትም ፎስፈረስ የሌለበት ነጭ የካልሲየም ዱቄት ይነስነስበት። ዲ3ና ሌሎች ቫይታሚኖች ያሉበት ዱቄት ግን በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይበቃል። ቫይታሚን ኤና ዲ ሲበዙ ይመርዛሉና «ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚለውን የአያት ፍርድ እዚህ ላይ ተዉት። ልጆች ከግቢ የያዙትን ነፍሳትም አይስጧት። በተለይ በሰኔ ምሽት በዚህ በሜሪላንድ ሣር ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋ ትንሽ ጥንዚዛ በውስጧ መርዝ አለ፤ እንሽላሊትንና እስስትን ለመግደል አንዷ ልትበቃ ትችላለች።

የአጥንቱ በሽታ አጀማመሩ እንዲህ ነው። የእስስት ምላስ ከገላዋ የሚረዝም፣ እንደ ወንጭፍ የሚተኮስ ነው። ቀድሞ በአንድ ምት የምትይዘውን ፌንጣ መሳት ትጀምራለች። ከዚያ ምላሷ አጥሮ ይቀራል፤ ኋላም አፏን ከፍታ ተጠግታ ለመንከስ ትሞክራለች እንጂ አትወነጭፍም። ስትራመድ ክንዷ ይጎብጣል፣ ሆዷ ቅርንጫፉን ይታከካል። አገጯ ይለሰልሳል፣ ከንፈሯ አልገጥም ይላል። በመጨረሻ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ጭብጧም ይላላል። እኔ ፌንጣ ስትስት አንድ ወር ሙሉ አይቻለሁ። ገና ልጅ ናት፣ እየተማረች ነው ብዬ ነበር። ያን ወር ተጠቅመንበት ቢሆን ሐኪሙ በአፍ የሚሰጥ ካልሲየም አዞ፣ መብራቷ ተስተካክሎ በሽታው በቆመ ነበር። አንዴ የጎበጠ አጥንት ተመልሶ አይቀናም፤ ጎባጣ እግር ይዛ ግን ዓመታት መኖር ትችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ፌንጣ የምትስት እስስትን ቢያዩ ይህንኑ ይሉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሴት እስስት ያለቻችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። እንደ ዶሮ ሁሉ ወንድ ባታይም እንቁላል ትይዛለች። የየመኗ ገና በ6 ወር ዕድሜዋ፣ አንዳንዷም ከዚያ በፊት መያዝ ትጀምራለች፤ በአንድ ጊዜ 20፣ 40፣ ከዚያም በላይ። የምትጥለው ቆፍራ ነው። ቤቷ ውስጥ እርጥብ አሸዋ የሞላበት፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ዕቃ ካላገኘች አምቃ ትይዘዋለች፣ እስክትሞትም ድረስ ልትይዘው ትችላለች። ቀኗ ሲደርስ መብላት ትተዋለች፣ ወለል ላይ ወርዳ ትንከራተታለች፣ ጥጋጥጉን ትጭራለች፤ በጠቆረ አረንጓዴ ገላዋ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ በሽታ አይደለም። አሸዋዋን አዘጋጁላት፣ ቤቷን በጨርቅ ጋርዱት፤ ስትቆፍር ሰው ካየች ጉድጓዱን ጥላው ትወጣለችና። ጥላ ደፍና ስትወጣ ተጠምታና ከስታ ነው፤ ውኃና ምግብ ይቅረብላት።

መጫሯን ትታ ፈዛ ከተቀመጠች፣ በዚያ ላይ ዓይኗን ከከደነች ግን የቀራችሁ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ካልሲየም ያጣ ጡንቻ እንቁላል ገፍቶ ማውጣት አይችልም። የእኛዋን የገደላት ይህ ነው፦ አጥንቷ ባዶ፣ ሆዷ ሙሉ፣ የምትቆፍረው አሸዋ የሌላት። ሐኪም ካልሲየሟን መርምሮ የሚያኮማትር መርፌ ሊወጋት ይችላል፤ እንቢ ካለ በቀዶ ሕክምና ያወጣዋል። ምጥ የቆመባት ሴት ምን እንደምትሆን በመካከላችን ያላችሁ እናቶች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ «ነገ እናያለን» በሉ ብዬ የምመክራችሁ ሰው አይደለሁም። ደግሞም ሆዷን በየቀኑ መሙላት ፍቅር አይምሰላችሁ። ያደገች ሴት በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ብትበላ፣ የምትሞቅበትም ቦታ ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ቢል የምትይዘው እንቁላል ቁጥሩ ይቀንሳል። ለወንዱ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ደህና ነው።

ጤዛውን አሳጥራለሁ። እስስት ከሳህን አትጠጣም፤ የቆመ ውኃ ውኃ መሆኑን አታውቀውም ቢባል ይሻላል። የምትልሰው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው። ሳህን አስቀምጦ አጠጣኋት ያለ ሰው እያስጠማት ነው። ማረጋገጫው ኩሷ ነው፦ ከጥቁሩ ጋር የሚወጣው ሽንቷ ነጭ መሆን አለበት። ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ፣ ዓይኗም ጎድጉዶ ከገባ ጠምቷታል። ረጅም ጥም ኩላሊቷን ያበላሻል፤ ያን ጊዜ መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ መራመድ ይከብዳታል። ጠዋትና ማታ ቅጠሉን አርጥቡ። ከዚያ ደግሞ ይድረቅ፤ ቀኑን ሙሉ ርሶ የሚውል፣ አየር የማይገባው፣ ቀዝቃዛ ቤት ሳንባዋን ያሳምማል።

ሳንባዋ ሲታመም እንደኛ አታስልም፤ መሳል አትችልም። ያጠራቀመችው ንፍጥ እዚያው ይቀራል። መብራቱ ሥር ሆና ስለሞቃት አፏን ብትከፍት ችግር የለም። ከመብራቱ ርቃ ሳለች ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ አፏን ከከፈተች፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር ወይም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማች፣ አፏ ላይ አረፋ ከታየ በዚያው ቀን ውሰዷት። አገጯ ወይም ከንፈሯ ዳር አብጦ ካያችሁ ደግሞ መግል ነው። የተሳቢ እንስሳት መግል እንደኛ አይፈስም፤ እንደ ደረቀ አይብ ይጠጥራል። መድኃኒት ዘልቆ አይገባበትምና ሐኪም ቆርጦ ያወጣዋል። በጥፍራችሁ ልታፈርጡት እንዳትሞክሩ። ምላሷ ወጥቶ አልመለስ ካለም በእጅ አይገፋም፤ እንዳይደርቅ በንጹሕ ውኃ እያረጠባችሁ ይዛችኋት ሂዱ። ከአምፖሉ ጋር የምትነካካ ከሆነ ቆዳዋ እስኪጠቁር አትሸሽም፤ አምፖሉ ከመረቡ ውጭ ሆኖ ከምትወጣበት ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልናገር። እኛ መድኃኒተኞች ነን። ቤታችን ፌጦ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፤ በመሳቢያው ውስጥ ካለፈው ጉንፋን የተረፈ አሞክሲሲሊን አለ። ለልጆቻችን በጎ ያደረገውን ለእሷም እናደርጋለን ብለን እናስባለን። ክብደቷ 100 ግራም ገደማ ነው፤ ለሰው የተሰራ ክኒን ስንት ቦታ ተሰብሮ ነው ለ100 ግራም የሚሆነው? አፏን ከፍቶ ውኃ ወይም ዘይት መጨመርም ወደ ሳንባዋ ያስገባዋል፤ በጥም ልትሞት የነበረችው በሳንባ ትሞታለች። ያበጠ ዓይን ስታዩም የቫይታሚን ኤ ጠብታ ገዝታችሁ አትጨምሩ። ምክንያቱ የቫይታሚኑ ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ቆሻሻ ገብቶም ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፤ መልካቸው አንድ ነው፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የወስፋትም መድኃኒት እንዲሁ። ኩሷ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ የተገኘው ተለይቶ፣ በክብደቷ ልክ ይሰጣል። አይቨርሜክቲን የሚባለው ከብቶቻችንን ያዳነ መድኃኒት ኤሊን ይገድላል። አንዱን የሚያድን ሌላውን እንደሚገድል ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ሐኪም ሁሉ ደግሞ እስስት አያክምም። የውሻና የድመት ሐኪሞች አብዛኞቹ ራሳቸው ይህን ይነግሯችኋል። በአሜሪካ የተሳቢ እንስሳት ሐኪሞች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ በየአካባቢው ያሉትን አባላት መፈለጊያ መዝገብም አለው። ልጆቻችሁ ዛሬ፣ እስስቷ ደህና ሳለች፣ ይፈልጉላችሁና ስልኩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። እኛ ያን ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል ያጠፋነው «እዚህ አናክምም» ከሚሉ ቤቶች ጋር በስልክ ስንነጋገር ነው። ስትወስዷት ጨለም ባለ፣ እንዳትቀዘቅዝ በተጠቀለለ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የምትጨብጠው እንጨት አድርጋችሁ ይሁን። ትኩስ ኩሷን በላስቲክ፣ የክብደቷን ደብተር በእጅ፣ የቤቷንና የመብራቷን ፎቶ በስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መብራቱ ነው። አንቲባዮቲክ ካዘዘ፣ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ብታዩም ያዘዘውን ሳትጨርሱ አታቁሙ። ሕክምናው ከእስስቷ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ቤተሰቡ እስስቷን ከመግዛቱ በፊት ይህን ይወቅ።

ስለ ሚዛኑ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። እስስት ደህና ሆናም በአንጀቷ ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች፤ እሷን ሳያማት እኛን ይጥለናል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ትንንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ያገደው በዚህ በሽታ ልጆች ስለታመሙ ነው። የጤና ባለሥልጣናቱ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅና 65 ዓመት ያለፈው ሰው ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ አለመኖሩን ይመርጣሉ። ያ ሰው እኛ ነን። ልጆቻችሁ ከመግዛታቸው በፊት ይህን ንገሯቸው፤ ቀድሞውኑ ካለችም አትንኳት። ዕቃዋ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠብ፣ ፌንጣዋ ከእንጀራ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ የነካት ልጅ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ። እኔ 74 ዓመቴ ነው። ከእኛ የሚፈለገው ዓይናችን ነው፣ እጃችን አይደለም።

አንዳንዱ ሲሰለቸው ወይም ስትታመም ወደ ጫካ ይለቃታል። እዚህ ሜሪላንድ ብትለቀቅ በክረምቱ ብርድ ትሞታለች፤ ሞቃት በሆነው በፍሎሪዳ ደግሞ የየመን እስስት ከተለቀቁት ተራብታ ለዚያ አገር ፍጥረት ጣጣ ሆናለች። ሌላው «ሳትሠቃይ ትሙት» ብሎ በረዶ ቤት ያስገባታል። ይህ ሥቃይ ነው፤ ሐኪሞች ይከለክሉታል። መዳን ካልቻለች የመጨረሻዋን መርፌ ሐኪም ይውጋት። እኔ ያን ሌሊት ሐኪሙን፣ ሦስቱን ቀን አሟት ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ሊያጽናናኝ አልሞከረም። አዎ አለኝ።

ከወራት በኋላ ልጅቷ ሌላ እስስት ጠየቀች። አባቷ እኔን ተመለከተኝ። እንቢ ማለት ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን አሁን ከሁላችንም የበለጠ የምታውቅ ሆናለች። መጀመሪያ ቤቱ ይዘጋጅ አልኩ። ረጅሙ መብራት ተገዛ፣ ቀኑን በራሷ እጅ ጻፈችበት። የሐኪሙ ስልክ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አሸዋ በጥልቅ ባልዲ ሞልታ አረጠበችው፤ እስከ ክርኗ እጇን አስገብታ ዋሻ ቆፈረችና እንደማይናድ ለማየት ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። አልተናደም። እስስቷ ገና አልመጣችም።